ስልሳ አንድ ጨምሩበት

«መቶ አንድ ነው። መቶ አንድ ደግሞ ሰው አያስተኛም» አሉ አቶ ወንድይራድ፣ ቀጭኗን ቴርሞሜትር በመስኮቱ ወደሚገባው ጭጋጋማ ብርሃን አቅርበው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው እያዩ።

የባዜቃው ክር የቆመው ግን አርባ ላይ ነበር። ስልሳ አንዱን የጨመሩበት እሳቸው ናቸው። ይህ በቤቱም በሰፈሩም የታወቀ ነገር ስለሆነ ማንም አልተገረመም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በጋምቤላ የእንግሊዞች መጋዘን አስተርጓሚ በነበሩበት ዘመን አንድ ሐኪም የሰጣቸው ቴርሞሜትር ነበረቻቸው። የምትቆጥረው በፋራናይት ነው። ዘጠና ስምንት ጤና፣ መቶ ጉንፋን፣ መቶ ሁለትን ካለፈ ግን ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ሐኪም፤ ሐኪሙ ያስጠናቸው ይህንን ነው። ያቺ አሮጌ ቴርሞሜትር ሐምሌ ላይ ከመደርደሪያ ወድቃ ተሰበረች። ባዜቃዋ በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እንደ ጤዛ ሲያብረቀርቅ፣ አቶ ወንድይራድ ተንበርክከው በጣታቸው ሊሰበስቡት ሞከሩ፤ እየሸሸ አስቸገራቸው። ጅማ መምህርነት የሚማረው ልጃቸው ማሙሽ አዲስ ገዝቶ ላከ። አዲሷ በሴንቲግሬድ ነው የምትቆጥረው። ጊዜው እንደሆነ ልኬቱ ሁሉ የሚለወጥበት ጊዜ ነበር፤ ፈረሱላው ለኪሎ፣ ክንዱ ለሜትር ቦታውን እየለቀቀ ነው። ስለዚህ አልደነገጡም። በብብታቸው ይዘው ራሳቸውን ለኩ፤ ሠላሳ ሰባት አለቻቸው። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ዝናቡን እያዩ ሲያሰላስሉ ዋሉ። ጤነኛ ሰው በአሮጌዋ ዘጠና ስምንት ነው፣ በአዲሷ ሠላሳ ሰባት፤ መካከሉ ስልሳ አንድ። እንግዲያው አዲሷ ዘግይታ ነው መቁጠር የምትጀምረው፤ ያስቀረችውን መመለስ ብቻ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በረንዳቸው ላይ ሊለኩ የሚመጡት ጎረቤቶችም ይህንኑ ለመዱት፤ ቁጥሩ ሲነገራቸው «ስልሳ አንዱ ገብቶበታል?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ።

አሁን የተለካችው የማሙሽ ሚስት ሻሽቱ ናት። ባሏ ጅማ ከሄደ ወዲህ ከአማቶቿ ጋር ነው የምትኖረው። በቀደም ቆላ ወርዳ፣ ከጋምቤላው መንገድ በታች ያሉ ዘመዶቿን ጠይቃ ከተመለሰች ጀምሮ ነገር ዓለሙ አስጠልቷታል። ጓዳው ውስጥ ካለው መደብ ላይ በጎኗ ተኝታ፣ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባ፣ ግድግዳውን ታያለች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ በእርጥበት ተነፋፍቶ ፊደሉ ይሞጫሞጫል። ፊደል አትቆጥርም፤ ሆኖም ዓይኗን አልነቀለችበትም፤ የሆነ ነገር እንደሚነገራት ሁሉ። የአቶ ወንድይራድ ባለቤት ወይዘሮ ፈትለወርቅ እራስጌዋ ተቀምጠው እጃቸውን ግንባሯ ላይ አሳርፈዋል።

«ያቃጥላል እኮ» አሉ ፈትለወርቅ።

«እጅሽ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካ ነው ያደረው፤ ምኑ የማያቃጥልሽ አለ?»

ፈትለወርቅ እጃቸውን አነሡ። በዚህ ቤት ከቁጥር ጋር ክርክር የለም። ቁጥሩ ከመጣ በኋላ የሚቀረው ዝምታ ነው፤ ዝምታውም የራሱ ቦታ አለው፤ ከጓዳው በር ይጀምርና በምግብ ሳጥኑ በኩል ዞሮ የአቶ ወንድይራድ ወንበር ዘንድ ይተኛል። ኅዳር ነው፤ ጀንፈሉ ቡና ደጅ ከተሰጣበት የእንጨት አልጋ ላይ ሌሊት ተሸፍኖ አድሯል፤ ጭጋጉ ሲገለጥ መገለጥ፣ ፀሐይ ስታገኘው መገለባበጥ አለበት። ሥራው የሻሽቱ ነው። ማንም ተነሺ አላላትም። «አያስተኛም» የተባለ ሰው ግን ተኝቶ ሊቆይ አይችልም። ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች፤ ነጠላዋን አጣፋች፤ ደጃፉ ላይ ቆም ብላ ዓይኗን ጨፈነችና ወጣች። አቶ ወንድይራድ ይህን አይተዋል። «ስትንቀሳቀስ ይለቃታል» ብለው አሰቡ፤ ቴርሞሜትሯን አራግፈው ጥጥ በተነጠፈበት ሣጥኗ ውስጥ አስተኟት። እሷስ ጥጥ አላት።

የቅዳሜው የመቱ ገበያ በጭጋግ ውስጥ ነው የሚጀመረው። ሰው ከየት እንደመጣ ሳይታይ ከፊት ለፊት ብቅ ይላል፤ መጀመሪያ የተሸከመው ነገር፣ ቀጥሎ ራሱ። ከዳሪሙ የመጣ ቡና የጫነ በቅሎ አለፈ፤ ከኋላው የሚነዳው ሰው እስኪታይ ድረስ በቅሎው በገዛ ፈቃዱ የሚነግድ ይመስል ነበር። አቶ ወንድይራድ ከዘራቸውን እየመረኮዙ በዝግታ ሄዱ። ወደ ገበያ የወጡት ላምባና ለኮት ሽፋን የሚሆን ጨርቅ ለመግዛት ነው፤ እግራቸው ይሄዳል እንጂ ልባቸው ግን እንደ ልማዱ ሌላ ቦታ ነው። መንገደኛውን ሁሉ በውስጡ ቀጭን የብር ክር እንዳለው አድርገው ያዩት ጀመር። የቆዳ ነጋዴው ክር አጠር ያለ፤ ከሁሩሙ ማር ይዛ የመጣችው ኮረዳ ክር አንገቷ ድረስ የወጣ፤ እየተጣሉ የሚሄዱት ሁለት ደላሎች ክር ከፍ ዝቅ እያለ የሚያብረቀርቅ። እግዚአብሔርም ከላይ ሆኖ እንዲሁ ሳያየን አይቀርም ብለው አሰቡ፤ ሥጋው ለእሱ መስታወት ነው። ይህ ሐሳብ ደስ አሰኛቸው። የባሮ ወንዝ ትዝ አላቸው፤ መርከቡ ጢሱን እያንቦለቦለ ሲቀርብ፣ የመጋዘኑ ቆርቆሮ በሙቀት ሲንጣጣ፣ ሐኪሙ ነጭ ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ሲጠርግ። ያኔ ቁጥር የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር፤ ከጥቂቶቹ አንዱ እሳቸው ነበሩ።

የዶሪ ሱቅ ውስጥ ሞቅ ይላል። ዶሪ ጨርቅ ሻጭ ነው፤ ወፍራም፣ ተጫዋች ሰው፤ በባንኮኒው ጥግ ከሰል ማንደጃ ላይ የሻይ ጀበና ጥዶ ቀኑን ሙሉ ያፈላል። ባንኮኒው ላይ አዲሱ የሜትር እንጨት ተጋድሟል። ዶሪ እንጨቱን እንደ በትረ መንግሥት ያነሣዋል፤ ገበያተኛው ግን ክንዱን አልረሳም፤ እሱም አያስረሳቸውም። በየነች የምትባል የሁሩሙ ሴት አቡጀዲ ዘርግታ ቆማለች። እሷም ማር ሸጣ መመለሷ ነው፤ እጇ ሰፈፍ ሰፈፍ ይሸታል።

«ባለፈው ለራሴ ስምንት ክንድ ነበር የምትሰጠኝ» አለች። «አሁን ስንት ሜትር ትለኛለህ?»

«አራት። ሁለት ክንድ አንድ ሜትር ነው፤ ስንቴ ልንገርሽ በየኑ?»

«እሺ። ከስምንቱ አራት ቀነስክ ማለት ነው።»

«እንደሱ በይው።»

«ለእናቴ ደግሞ አሥራ ሁለት ክንድ ነበር። ከዚያም አራት ቀንስና ስምንት ሜትር ስጠኝ።»

ሱቁ በሳቅ ተናወጠ። ዶሪ የሜትሩን እንጨት አስቀምጦ ሆዱን ያዘ። «ስድስት ነው እንጂ አንቺ፤ በእናትሽ ስም ልትዘርፊኝ ነው?»

«መንግሥት አራት ቀንሱ ብሏል፤ እኔ ቀነስኩ። አሁን ስምንት አልሆንም ብሎ ስድስት የሚሆን ቁጥር የት ያለ ነው?» አለች በየነች፣ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን እየያዘች። ነገሩ እንደገባት ዓይኗ ይናገራል።

አቶ ወንድይራድም ሳቁ። የሚያስረዳ ሰው በተፈለገበት ቦታ ዝም ማለት አይሆንላቸውም፤ ከዘራቸውን ባንኮኒው ላይ አጋደሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ መቀነስ አይደለም። መቀነስ የሚሆነው ክንዱና ሜትሩ እኩል ርዝመት ኖሯቸው፣ አንዱ ዘግይቶ ቢነሣ ነበር። እዚህ ግን እርምጃው ራሱ ሌላ ነው። ሜትሩ አንድ ጊዜ ሲራመድ ክንዱ ሁለት ጊዜ ይራመዳል። ለአጭሩ ጨርቅ የያዝሽውን ልዩነት ለረጅሙ ከወሰድሽው፣ ጨርቁ በረዘመ ቁጥር ስሕተቱ...»

አቶ ወንድይራድ ጀበናውን እያዩ ነበር። ክዳኑ ይንቀጠቀጣል፤ እንፋሎቱ ወደ ጨርቁ ጥቅል ይወጣል። ማሙሽ ልጅ ሳለ ትምህርቱን ጮክ ብሎ ሲያጠና ውኃ በመቶ ይፈላል ይል ነበር። ያ የመጋዘኑ ሐኪም ደግሞ ሻዩን ሲያፈላ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ይላል። ሁለቱንም በገዛ ጆሯቸው ሰምተዋል፤ ጎን ለጎን አስቀምጠዋቸው ግን አያውቁም። መቶ ላይ ስልሳ አንድ ቢጨመር መቶ ስልሳ አንድ ነው። ሃምሳ አንዱ የት ገባ? ውኃው ዝም ብሎ ይፈላል። የአዲሷ አንድ እርምጃ የአሮጌዋ ሁለት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ሻሽቱ ከሠላሳ ሰባት ሦስት እርምጃ አልፋለች። ሦስት ማለት ስድስት ማለት ነው።

«ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» አለ ዶሪ።

«ስድስት ሜትር ስጣት» አሉ አቶ ወንድይራድ፤ ከዘራቸውን እዚያው ትተው ወጡ።

ጭጋጉ ተገልጦ ነበር። ፀሐይዋ ከሶር በኩል ካለው ጫካ በላይ ወጥታ የከተማው ቆርቆሮ ሁሉ ያበራል፤ ጥርት ባለው ብርሃን ውስጥ መንገዱ የወትሮውን እጥፍ የረዘመ መሰላቸው። መሮጥ አሳፈራቸው፤ አለመሮጥም አቃታቸው፤ በመካከል ያለውን የሽማግሌ ሶምሶማ ሄዱ። ሰላም ያላቸውን ሰው ሁሉ ሳያዩ አለፉ። በራሳቸው ውስጥ ቁጥሮቹ ከየቦታቸው እየተነሡ ይንቀሳቀሳሉ፤ ከነሐሴ ወዲህ በረንዳቸው ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ እንደገና ብብቱን ከፍቶ ይቆማል። አባረሯቸው። አሁን አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ እሱም ቡና የተሰጣበት አጥር ግቢ ውስጥ ነው ያለው።

ሻሽቱ አጥር ግቢው ውስጥ አልነበረችም። ቡናው ከአልጋው አንድ ወገን መሬት ላይ ተደፍቷል፤ ዶሮ ይጭረዋል። ፈትለወርቅ ልጅቷን ከወደቀችበት በብብቷ ይዘው እየጎተቱ ወደ ጓዳ አግብተዋታል፤ የጎተቱበት መንገድ በአመዱና በሣሩ ላይ ይታያል። እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ አኑረው፣ ጨርቁ ወዲያው ወዲያው ሲደርቅ እያነሡ ይነክራሉ። የሻሽቱ ዓይን በግማሽ ተከፍቷል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ «ቢሻን፣ ቢሻን» እያለች በኦሮምኛ ውኃ ትለምናለች፤ ሲሰጧት ግን አትውጠውም። አቶ ወንድይራድ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ፈትለወርቅ ቀና ብለው አዩአቸውና ወደ መደርደሪያው፣ ወደ ሣጥኗ በአገጫቸው ጠቆሙ።

«አይለኳትም?» አሉ። «ምናልባት ሰው የማያስተኛ ሊሆን ይችላል።»

«አልለካም። ቃሬዛ ላስመጣ።»

«መቶ አንድ አልነበረም?»

«መቶ አራት ነበር» አሉ አቶ ወንድይራድ። «ጧት ነው እሱ። አሁንማ ከዚያም ሳይብስ አይቀርም።»

ፈትለወርቅ ጨርቁን ጨመቁት። ውኃው መሬቱ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውልቀው የልጅቷን እግር ጠቀለሉበት።

ቃሬዛው የእድሩ ነው፤ በሽተኛም ሬሳም የሚሄድበት አንድ ቃሬዛ። አራት ሰው ያስፈልገዋል። አብደታና ዲንቃ ወንድማማቾች ናቸው፤ ከቡና መቀሸሪያቸው ተጠርተው እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ እየጠረጉ መጡ። ሦስተኛው ጅራታ ነው፤ የአጥር ጎረቤት። እናቱን እማማ ኡርጌን በጥቅምት ነው የቀበረው፤ ለሐዘን የተላጨው ራሱ ገና ጠጉር አላወጣም። አሮጊት ስለነበሩ ሰው ሁሉ ጊዜያቸው ደርሶ ነው እያለ አጽናንቶታል። አራተኛ ሰው ሲታጣ አቶ ወንድይራድ ሸሚዛቸውን ሰብስበው ከኋላ በኩል ያለውን ጫፍ ያዙ። ዲንቃ ሊከለክላቸው አፉን ከፈተ፤ ፊታቸውን አይቶ ተወው።

«ጋሼ፣ ምን ያህል ነች?» አለ አብደታ፣ ቁልቁለቱን ሲጀምሩ። የልማድ ጥያቄ ነው፤ በሽተኛ ይዞ የሚሄድ ሰው ሁሉ ይጠይቃል።

«ስልሳ አንዱን እርሱት። ስሕተት ነው። የእኔ ስሕተት ነው።»

ሦስቱ ሰዎች ተራመዱ። የቃሬዛው ጠፍር ሲጥ ሲጥ ይላል። የሻሽቱ እጅ ከጎን ወጥቶ ከመንገዱ ዳር ያለውን ረጅም ሣር እየዳሰሰ ይሄዳል፤ ፈትለወርቅ እየተከተሉ መልሰው ያስገቡታል፤ እንደገና ይወጣል።

ሐኪም ቤቱ ያለው ሰው አንድ ድሬሰር ነው፤ ወጣት፣ ቸኩሎ የሚናገር። ልጅቷን አስተኝቶ የራሱን ቴርሞሜትር በብብቷ አደረገና ሲያወጣው ፊቱ ተለወጠ። «አርባ አንድ ከምናምን» አለ። «ቆላ ወርዳ ነበር? ወባ ነው። እንዴት ጧት አላመጣችኋትም? ቢመሽ ኖሮ ወደ ራሷ ይወጣባት ነበር።» መልስ አልጠበቀም፤ መርፌ ቀቀለ፤ ወጋት፤ ገላዋን በውኃ አስጠረገ። አቶ ወንድይራድ በረንዳው ላይ ወጥተው ቆሙ። ሰማዩ ከጎሬ በኩል ጠቁሮ መጣና ዘነበ፤ የማሽላ ቆሎ ቆርቆሮ ላይ እንደሚደፋ ያለ ዝናብ። ያንን ድምፅ እየሰሙ፣ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ሕልም የመሰለ ነገር አዩ። ባዜቃው በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ሲሸሽ፣ እሳቸው በጣታቸው ሲከተሉት፣ ስንጥቁ ከቤቱ ወጥቶ በሰፈሩ ውስጥ፣ በየሰዉ ደጃፍ ስር ሲያልፍ።

ዝናቡ ሲያባራ ፈትለወርቅ ብቅ አሉ። «አላባታል» አሉ። «ውኃ ዋጠች። እኔን በስሜ ጠራችኝ።» ፊታቸው ላይ ደስታም ቁጣም አልነበረም፤ ድካም ብቻ። ለባላቸው የነገሩት ይኸው ነበር፤ ተመልሰው ገቡ። ሌሊቱን እሷ ዘንድ እንደሚያድሩ ሳይናገሩ ታወቀ። አብደታና ዲንቃ ቡናቸው ዝናብ እንዳይመታው ቀድመው ሮጠዋል። በረንዳው ላይ የቀሩት አቶ ወንድይራድና ጅራታ ናቸው፤ በመካከላቸው ባዶው ቃሬዛ።

ጅራታ ተረከዙ ላይ ቁጢጥ ብሎ መሬቱን በስንጥር ይቧጭራል። «ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ የተሳሳተው?» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ቴርሞሜትሯ ከመጣች ጀምሮ። ከነሐሴ።»

«አዮን የለኩልኝ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው።» እናቱን አዮ ነው የሚላቸው። «ደግፌ በረንዳዎ ላይ አስቀመጥኳት። መቶ ከግማሽ ነው፣ ጉንፋን ነው፣ ትኩስ ነገር ስጣት አሉኝ።»

«አዎ።»

«አሁን ስንት ሆነች?»

አቶ ወንድይራድ ሊሉት የሚችሉት ብዙ ነበር። አላስታውስም ማለት ይቻላል፤ ብዙ ሰው ነው የለኩት። እማማ አርጅተው ነበር ማለት ይቻላል፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ግን የለኩትን ቁጥር ሁሉ ያስታውሳሉ፤ ቁጥር አይረሳቸውም፤ ሠላሳ ዘጠኝ ከግማሽ። የኡርጌን ቀጭን ክንድ፣ ቴርሞሜትሯ እንዳትወድቅ አጥብቀው ሲይዟት፣ ልክ እንደ ቁም ነገር እንደተሰጠው ሕፃን ሲኮሩ ያስታውሳሉ።

«መቶ ሦስት» አሉ።

ጅራታ ስንጥሩን ሰበረው። መቶ ሁለትን ካለፈ ወደ ሐኪም መሆኑን በዚያ ሰፈር የማያውቅ ሰው የለም። ከቆርቆሮው ጫፍ የቀረው ውኃ ይንጠባጠባል፤ ከውስጥ የመርፌ ዕቃ ይንኳኳል። ከዚያ ተነሣ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ የቃሬዛውን የፊት ጫፍ አነሣ።

«ይያዙ» አለ። «ባዶ ቃሬዛ ሐኪም ቤት አያድርም።»

አቶ ወንድይራድ የኋላውን ጫፍ ያዙ። ቁልቁል የመጡበትን አሁን ሽቅብ ነው የሚሄዱት። ጭቃው ያንሸራትታል፤ እንጨቱ ርሷል፤ ባዶ ሆኖ እንኳ ይከብዳል። ከፊታቸው የሚያዩት የጅራታን የተላጨ ራስና እርጥብ ጀርባ ነው፤ ፊቱን አያዩትም። ሰው በገበያ መልስ ሲያልፍ እንደ ወትሮው ጎንበስ ብሎ «እንዴት ዋሉ ጋሼ» ይላቸዋል፤ ባዶውን ቃሬዛ አይቶ «ተሻላት ማለት ነው፣ ተመስገን» ይላል፤ እሳቸውም ተመስገን ይላሉ። ከድልድዩ ወዲያ ዳገቱ ሲበረታ ትንፋሻቸው አጠረ።

«ጅራታ» አሉ፣ «ትንሽ እናሳርፈው?»

ጅራታ አልቆመም፤ ዞሮም አላየ። «አዮን በዚሁ ነው የወሰድናት» አለ። «እስክትቀበር ሳናሳርፍ ነው ያደረስናት።»

አቶ ወንድይራድ ጣታቸውን በእንጨቱ ላይ እንደገና አጠላለፉ፤ እግራቸውን በጅራታ እግር ልክ አደረጉና ሄዱ።